ከተማው ሁሉ የሚሰማው ሳቅ

መነጽር ሠሪው የሚወዳት ሴት ስትስቅ ከተማው ሁሉ ይሰማል። ማጋነን አይደለም። የሬዲዮ ጋዜጠኛ ናት፤ ቅዳሜ ጠዋት «ለምን ይሆን?» የሚባል የሳይንስ ዝግጅት ታቀርባለች። እሷ ስትስቅ ባለታክሲው መሪውን እንደጨበጠ ይስቃል፤ ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን አንስቶ ቀልዱ እስኪያልቅ ይጠብቃል፤ ዳቦ ለመግዛት የተሰለፈው ሰው አንገቱን ወደ ባለሱቁ ሬዲዮ ያሰግጋል። የማይስቀው መነጽር ሠሪው ብቻ ነው። የሚያስቃት ሌላ ሰው ነዋ።

ሌላው ሰው የፊዚክስ ዶክተር ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል፤ ቅዳሜ ደግሞ ከእሷ ጋር ማይክሮፎን ይጋራል። ማንኛውንም ነገር ሲያስረዳ «እንበልና...» ብሎ ስለሚጀምር፣ አድማጮቹ የተጸውዖ ስሙን ትተው «አቶ እንበልና» ይሉታል። «እንበልና ጨረቃ ሰልችቷት ሥራ ለቀቀች...» ሲል እሷ ቀልዱ ገና ሳይደርስ መሳቅ ትጀምራለች። መነጽር ሠሪውን አንጀቱን የሚያሳርረው ይሄ ነበር። ሰው ሳይነገረው የሚስቀው የተናጋሪውን ልብ ሲያውቅ ነው ብሎ ያምናል።

የተዋወቁት በተሰበረ መነጽር ነው። አንድ ቅዳሜ ማለዳ የሱቁን መዝጊያ ገና ሲከፍት፣ አንዲት ሴት አንድ እጀታው የተገነጠለ መነጽር አፍንጫዋ ላይ በጣቷ ደግፋ ከተፍ አለች።

«እባክዎ አሁኑኑ ይሥሩልኝ። አለዚያ ዛሬ በሬዲዮ የማነበው ሁሉ ከራሴ የፈጠርኩት ይሆናል።»

«ምን ሆኖ ተሰበረ?»

«ተቀመጥኩበት።»

«አላዩትም?»

«መነጽሬን አላደረግኩም ነበር እኮ!»

መነጽር ሠሪው ሳያስበው ሳቀ። ወዲያው ደንግጦ አፉን ያዘ።

«ግድ የለም፣ ይሳቁ» አለችው። «ሳቅዎ ዝገት ነገር አለበት። ብዙ አይጠቀሙበትም መሰለኝ።»

እሱ አጎንብሶ ትንሿን ብሎን ሲያጠብቅ እሷ ከጠረጴዛው ማዶ ቆማ እጆቹን ትመለከት ነበር። «ሌንስ ሲሞርዱ ምን ይታይዎታል?» አለችው።

ይህን ሥራ ከአባቱ ከተረከበ ጀምሮ እንዲህ ብሎ የጠየቀው አልነበረም። ሰው የሚጠይቀው «መቼ ይደርሳል?» ነው። ብሎኑን አጥብቆ እስኪጨርስ አሰበበት።

«መጀመሪያ ጉም ነው» አለ በመጨረሻ። «እየሞረድኩት ጉሙ ይሳሳል። በስተመጨረሻ ሌንሱ ራሱ ይጠፋና ከኋላው ያለው ነገር ብቻ ይቀራል። ሥራዬ ጥሩ የሚሆነው ሲጠፋ ነው።»

ሴትየዋ መነጽሯን አጠለቀችና ፊቱን ትክ ብላ አየች። ፕሮግራሟ ሊያመልጣት ሲል ነው ከሱቁ ሮጣ የወጣችው። በሳምንቱ ያልላላ ብሎን ልታስጠብቅ መጣች። በሌላው ሳምንት ደግሞ ብሎኑም ቀረ፤ ዝም ብላ መጣች።

እንዲህ እንዲህ እያሉ «እርስዎ» ወደ «አንቺ» እና «አንተ» ዞረ። ዓመት አለፋቸው። መነጽር ሠሪው አግቢኝ ሊላት ይፈልጋል፤ ቃሉ ግን ጉሮሮው ላይ እንደ ዓሣ አጥንት ይሰነቀራል። የሚሰነቅረው ደግሞ ያ የቅዳሜ ሳቅ ነው።

ሱቁ ውስጥ ከእሱ ጋር የምትሠራው አክስቱ ናት። ለደንበኛ ፍሬም እያሳየች ሬዲዮዋን ካጠገቧ አትለይም። የወንድሟ ልጅ ጋዜጠኛዋን እንደሚወዳት ታውቃለች፤ ለአቶ እንበልና ያላትን አድናቆት ግን ልትደብቅ አልቻለችም።

«ወይ ይሄ ሰውዬ! ሚስቱን በሳቅ ነው የሚገድላት።»

«አግብቷል እንዴ?» አለ መነጽር ሠሪው የማሽኑን ሞተር ዝቅ አድርጎ።

«የለም፣ ገና አላገባም አሉ» አለች አክስቱ፤ ከአፏ ካመለጣት በኋላ ምላሷን ነከሰች።

የዚያን ዕለት የሞረደው ሌንስ ተሰነጠቀ።

ቅናት ነገር ፈላጊ ነው። አንድ ቅዳሜ አክስቱ ከአንድ ሽማግሌ ደንበኛ ጋር ስትከራከር፣ መነጽር ሠሪው ማሽኑን እንኳ ሳያጠፋ ስልኩን ይዞ ወደ ጓዳ ገባ። መሐረብ አፉ ላይ አደረገና ድምፁን አወፈረ። ሐሳቡ ዶክተሩ ለአንድ ጊዜ እንኳ በሕዝብ ፊት ሲንተባተብ መስማት ነበር።

«ሃሎ፣ ማን ልበል?» አለች እሷ።

«ስሜ ይቅርባችሁ። ጎረቤት በሉኝ።»

ትንሽ ዝም አለች። «እሺ ጎረቤት፣ ጥያቄዎን እንስማ።»

«ለዶክተሩ ነው። ሰው ራሱን ቢኮረኩር ለምን አያስቀውም?»

ሬዲዮው ጸጥ አለ። መነጽር ሠሪው በጨለማው ጓዳ ውስጥ ፈገግ አለ፤ አገኘሁህ! ከዚያ የወንበር ሲጢጥታ ተሰማ።

«ቆይ ቆይ» አለ ዶክተሩ። «ብብቴን እየኮረኮርኩ ነው... ምንም! ጎኔንም... ምንም! ጫማዬን ላውልቅ?»

«ኧረ በፈጠረህ! ስቱዲዮው መስኮት የለውም!» አለችና ያ ሳቋ ተለቀቀ። እንደዚያ ስትስቅ ተሰምታ አታውቅም።

ዶክተሩ ትንፋሹን ሰብስቦ ቀጠለ። «እንበልና አእምሯችን የቤት ውሻ ነው። የባለቤቱን ኮቴ ከሩቅ ያውቃል፤ አይጮኽም። እጃችን ወደ ጎናችን ሲሄድ አእምሯችን 'የራሳችን ሰው ነው' ይላል። የሌላ ሰው እጅ ሲመጣ ግን መቼና የት እንደሚያርፍ አያውቅም፤ ያኔ ይንጫጫል። ግን ጎረቤት፣ የምንወደው ሰው ሲኮረኩረን ስቀን የማናውቀው ሰው ሲኮረኩረን ለምን እንቆጣለን? እሱን አላውቅም!» «አላውቅም» ያለው የጠፋ በግ እንዳገኘ ሰው እየተደሰተ ነበር።

መነጽር ሠሪው አንገቱን ደፍቶ ከጓዳ ሲወጣ አክስቱ ብብቷን ይዛ በሳቅ ታነባለች። ሽማግሌው ደንበኛ የመረጡትን ፍሬም እንዳደረጉ በሁለት ጣት አንገታቸውን እየነካኩ «እውነትም ምንም የለውም!» ይላሉ። እሱም ማንም እንዳያየው ዞር ብሎ ጎኑን ነካ አደረገ። ምንም የለውም።

ወጥመዱ ከሸፈ፤ ጥያቄው ግን እጁ ላይ ቀረ። ሳምንቱን ሙሉ ሌንስ እየሞረደ ስለ ውሻውና ስለ ኮቴው ሲያስብ ከረመ። በሚቀጥለው ቅዳሜ እንደገና ደወለ። «መስታወት ቀኜን ግራ ያስመስለዋል፤ ታዲያ ራሴን ወደ ታች እግሬን ወደ ላይ ለምን አያደርገውም?» አለ። ከዚያ ደግሞ «ዝንብ ልንመታት እጃችንን ስናነሳ እንደ ኤሊ ተጎታች እንመስላት ይሆን?» አለ። ከተማው ጎረቤትን ወደደው። ባለታክሲዎች «ዛሬስ ጎረቤት ምን ይል ይሆን?» ይባባላሉ። መነጽር ሠሪው ራሱ ተለወጠ፤ ከመስታወት ፊት ቆሞ እጁን ሲያነሳና ሲያወርድ አክስቱ ያዘችው፤ ደንበኞቹን ዓይናቸውን ሲለካ «ሕልምዎ ውስጥ መነጽር ያደርጋሉ?» እያለ ይጠይቃል። ለመነጽር የመጡ ሰዎች ለወሬ ይቆዩ ጀመር። አንዲት ጡረታ የወጡ መምህርት ሕልማቸውን ለመናገር ብቻ ተመልሰው መጡ።

ይህን ሁሉ ለሚወዳት ሴት አልነገራትም። ምን ብሎ ይንገራት? ልሰልልሽ ደወልኩ ይበላት?

አንድ ቀን ምሳ እየበሉ ሳለ እሷው አነሳችው። ሻይዋን እያማሰለች፣ ዓይኗን ከብርጭቆው ሳትነቅል።

«ጎረቤት የሚባለው አድማጫችን ግን እንዴት ያለ ጭንቅላት ነው ያለው! ሳምንቱን ሙሉ ምን ይጠይቅ ይሆን እያልኩ እጠብቀዋለሁ። ባገኘው ደስ ይለኛል።»

መነጽር ሠሪው ክው አለ። «ሽማግሌ ይመስላል» አለ።

«ቢሆንስ? እንደሱ ያለ ሰው አያረጅም።»

«ሥራ ፈት መሆን አለበት። ሥራ ያለው ሰው ለዝንብ አይጨነቅም።»

ቀና ብላ አየችው። ብዙ አየችው፤ አንድ ነገር እንደሚጠብቅ ሰው። «አንተ ብትሆን ምን ትጠይቅ ነበር?» አለችው ቀስ ብላ።

«እኔ? እኔ ምን አውቄ።»

ዓይኗን መልሳ ወደ ብርጭቆው ጣለች። ፊቷ ላይ የነበረው ብርሃን ሲጠፋ እሱ አላየም፤ ሌላ ሥራ ይዞ ነበር። ይቀና ነበር። በዶክተሩ መቅናቱ አልበቃ ብሎት በራሱ ቀና! ወደ ሱቁ ሲመለስ መንገዱን ሁሉ ጎረቤትን ሲረግም ሄደ።

ነገሩ የፈነዳው በማርስ ጉዞ ነው።

«እንበልና» አለ ዶክተሩ በአንዱ ቅዳሜ፣ «እኔና አንቺ በአንድ መንኮራኩር ማርስ ተላክን። መንገዱ ወራት ይፈጃል። ክፍሏ ጠባብ፣ ምግቡ ቱቦ ውስጥ። ምን ትይዣለሽ?»

«ትራስ።»

«ሌላስ?»

«የሚያስቀኝ ሰው ካለ ሌላ ምን ያስፈልገኛል?»

«እንግዲህ እኔ አለሁ!»

«እንግዲህ አለህ!» አለችና ሁለቱም ሳቁ።

አክስቱ በዚህ ጊዜ አልሳቀችም። የወንድሟን ልጅ በጎን አየችውና የሬዲዮዋን ድምፅ ቀነሰችው። ያቺ ድምፅ መቀነስ፣ ያቺ ርኅራኄ፣ ከሳቁ በላይ አቃጠለችው። ስልኩን አንስቶ እዚያው ማሽኑ አጠገብ ደወለ።

«ጎረቤት! ዛሬማ ቀሩብን ብለን ነበር» አለች እሷ በደስታ።

«ጥያቄ አለኝ። እንበልና ማርስ የምትሄደው ሴት ምድር ላይ የሚወዳት ሰው አላት። ሰውየው የእሷን ሳቅ እንደ ማንም መንገደኛ በሬዲዮ ነው የሚሰማው። እሷ ግን ከሌላ ወንድ ጋር ጠባብ ክፍል ውስጥ ተዘግታ ትሽኮረመማለች። ለእንዲህ ያለችዋ ሴት ሳይንስ ምን ስም ያወጣል?»

ሬዲዮው ዝም አለ። አንድ ሰው ትንፋሹን ሲስብ ተሰማ፤ የማን እንደሆነ አልለየም። ከዚያ ሙዚቃ ገባ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። መነጽር ሠሪው ስልኩን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። አክስቱ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «አንተ ልጅ፣ ምን አደረግክ?» አለች።

ከሰዓት በኋላ መጣች። አክስቱ ገና በሩ ላይ ስታያት ቦርሳዋን አንጠልጥላ «የምገዛው ነገር አለኝ» ብላ ወጣች። ሁለቱ በጠረጴዛው ግራና ቀኝ ቆሙ። አልጮኸችም። ብትጮኽ ይሻለው ነበር።

«ሳይንስ ስም ካላገኘልኝ አንተ ንገረኝ» አለችው። «ማን ልባል?»

«አወቅሽኝ?»

«ከመጀመሪያው ቀን! መሐረብ አይደለም ብርድ ልብስ ብታደርግበት ድምፅህን አላውቀውም? ሥራዬ ድምፅ ነው።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ትነግረኛለህ ብዬ። ምሳ ላይ በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩልህ፤ መልሰህ ዘጋኸው።» ድምፅዋ ተሰበረና ዋጥ አደረገችው። «እናቴ ሰምታለች፤ አለቃዬም ጠርቶኛል። እሱ ይለፍ። እኔን የቆጨኝ ሌላ ነው። ጥያቄህን፣ ቀልድህን፣ ያንን ደስ የሚል ሐሳብህን ሁሉ ለሬዲዮ ትሰጥና፣ እኔ ጋ ኩርፊያህን ይዘህ ትመጣለህ። ከተማው ጎረቤትን አገኘ። ለእኔ የተረፈኝ የተቋጠረ ግንባሩ ነው። በአድማጮቼ ቀናሁ እኮ! ሰው በአድማጮቹ ይቀናል?»

እዚህ ላይ እግሯ ላይ መውደቅ ነበረበት። ቅናት ግን ዕውር ብቻ አይደለም፣ ደንቆሮም ነው።

«እሱን ትወጂዋለሽ?» አላት።

ሴትየዋ መነጽሯን አወለቀች፤ ዓይኗን በእጇ ጀርባ ጠረገችና መልሳ አደረገችው። «ከዚያ ሁሉ ጥያቄህ ለእኔ ያመጣኸው ይሄንን ነው» አለችና ወጣች።

ቅዳሜ መጣ፣ ሌላም ቅዳሜ ተከተለው። «ለምን ይሆን?» አልተቋረጠም፤ ግን እሷ የአየር ትንበያ እንደሚያነብ ሰው ታነባለች። ዶክተሩ «እንበልና...» ይልና ራሱን ያርማል። ስትስቅ በልክ ትስቃለች፤ እንግዳ ፊት እንደሚሳቅ ሳቅ። ደንበኞች ፍሬም እየሞከሩ «የሬዲዮዋ ልጅ አሟት ነው እንዴ?» ይላሉ። ፀጉር አስተካካዩ ጣቢያ ቀየረ። መነጽር ሠሪው ሳቋን ከዶክተሩ ሊነጥቅ ብሎ ከሁሉም ነጠቀው፤ እሱ ራሱም ባዶ እጁን ቀረ። ዝንብ ሲያይ ልቡ ይሸሻል፤ መስታወቱን በጨርቅ ሸፈነው። ከደንበኛ ጋር «መቼ ይደርሳል?» እና «ማክሰኞ» ብቻ ሆነ ወሬው።

አንድ ረፋድ ላይ አንድ አጭር፣ ቦርጫም፣ ሸሚዙን አዛብቶ የቆለፈ ሰው ሱቁ በር ላይ ቆሞ ጆሮውን ወደ ማሽኑ ቀሰረ።

«ይሄ ነው!» አለ። «ይሄው ድምፅ!»

መነጽር ሠሪው ድምፁን ሲሰማ እጁ ሞተሩ ላይ ቀረ። በሐሳቡ ሲጣላው የኖረው ሰው ረጅም፣ ትከሻው የሰፋ፣ ጥርሱ የሚያበራ ነበር።

«ጎረቤት ሲደውል ከኋላው የሚያፏጭ ሞተር ይሰማ ነበር» አለ ዶክተሩ ወንበር ስቦ። «ጥያቄዎቹ ደግሞ ስለ ዓይንና ስለ መስታወት ይበዛሉ። እሷ ማንነትህን አልነግርህም አለችኝ። ስለዚህ የመነጽር ሱቆችን በር በበር እየዞርኩ ሳዳምጥ ሰነበትኩ። አንዱ ሌባ መስዬው ፖሊስ ሊጠራብኝ ነበር።»

አክስቱ ሳቋን ለመደበቅ ካርቶን ውስጥ አንገቷን ቀበረች። መነጽር ሠሪው ግን አልሳቀም። «ይወዷታል?» አለው።

«አዎ» አለ ዶክተሩ፣ ሰዓት እንደተጠየቀ ሰው። «አንተን ከማወቋ በፊት እንጋባ ብያት ነበር። አይሆንም አለችኝ። 'አንተ መልሴን አትሰማም፣ የሚቀጥለውን ቀልድህን ነው የምትሰማው' አለችኝ። ልክ ነበረች። ከዚያ ወዲህ ጓደኛዋ ነኝ። ይሄም ትንሽ ነገር አይደለም።» ጉልበቱን በእጁ አሸት አሸት አደረገ። «ግን አንድ ነገር ልንገርህ። ስልኩ ጮኾ ጎረቤት መሆኑን ስታውቅ ፊቷን ብታየው! እኔ ለአንድ ፈገግታ ላቤ ጠብ እስኪል ቀልዳለሁ፤ አንተ ሃሎ ስትል ብቻ ፊቷ ይፈካ ነበር። ፊት በሬዲዮ አይታይም እንጂ ያን ጊዜ የሚቀናው ማን እንደሆነ ታውቅ ነበር።»

መነጽር ሠሪው እጁን ዘርግቶ የዶክተሩን መነጽር ከፊቱ ላይ አወለቀ። ሌንሱ በጣት አሻራ ተሞልቷል። በጨርቅ ወለወለው፣ የላላውን እጀታ አጠበቀ፣ መልሶ አደረገለት።

«ይቅርታ» አለው።

«ለእኔ አታባክነው» አለ ዶክተሩ ዓይኑን እያርገበገበ። «ለካ እዚህ ቆንጆ ሴትም አለች!»

«አንተ ባለጌ!» አለች አክስቱ፤ ካርቶኑን ግን ወዲያው አስቀምጣ ፀጉሯን ነካ ነካ አደረገች።

መነጽር ሠሪው በማግስቱ መጀመሪያ ሬዲዮ ጣቢያው ሄደ። አለቃዋ ፊት ቆሞ «የደወልኩት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ብቻ ነው፤ እሷ የምትጠየቅበት ነገር የለም» አለ። ከዚያ ሲወጣ እግሩ ወደ እሷ ቤት ወሰደው። በሩን የከፈቱት እናቷ ናቸው። ከእግር እስከ ራሱ አዩት።

«ያ ስልክ አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ እማማ።»

«ዛሬስ መሐረብ አላደረግክም?»

«ዛሬ በራሴ ድምፅ ነው የመጣሁት።»

«ልጄን አገር እየሰማ አዋረድክብኝ» አሉ እናቲቱ፤ እጃቸው መዝጊያው ላይ እንዳለ። ትንሽ አሰቡ። «ካንተ ስልክ ወዲህ ይህ ቤት ጸጥ ብሏል። እኔ ደግሞ ጸጥታ አልወድም፤ ሰው የሞተ ይመስለኛል። ግባ። ካስለቀስካት ግን በዚሁ በር በሌላ አኳኋን ትወጣለህ።»

በረንዳው ላይ ነበረች። ከገመድ የወረደ ልብስ በቅርጫት አጠገቧ አለ፤ ታጥፋለች። አየችውና ማጠፏን ቀጠለች። እሱም አልተቀመጠም።

«ስም ልሰጥሽ ፈለግኩ» አላት። «ስሙ የእኔ ነበር። ቀናሁ። ሌላ የምጨምርበት የለኝም። ሰው ፊት ስለዘለፍኩሽ ይቅር በይኝ። ይቅር ባትይኝም ልክ ነሽ።»

የትራስ ልብስ አጠፈች። ዘረጋችና እንደገና አጠፈችው። እሱ ወደ በሩ መለስ ሊል እግሩን ሲያነሳ፣ «የት ላይ ነው የሚሰማህ?» አለችው።

እያላገጠችበት መሰለው። ቀና ብሎ ሲያያት ግን ዓይኗ ውስጥ ፌዝ አልነበረም። መነጽሯን ልታሠራ የመጣች ዕለት እጆቹን ስታይ የነበረው ዓይን ነው።

«ምኑ?»

«ቅናት። የት ላይ ነው?»

አሰበ። እንዲህ ብሎ አስቦበት አያውቅም። «እዚህ» አለ ከደረቱ ዝቅ ብሎ። «መጀመሪያ ይቀዘቅዛል፤ የብረት ማንኪያ የዋጥኩ ይመስለኛል። ከዚያ ይፈላል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ጆሮዬ ይዘጋል። ስትስቂ እሰማለሁ፤ በምን እንደሳቅሽ ግን አልሰማም።»

እጇ ቆመ። «ምን ማለትህ ነው?»

«እኔ ካልደወልኩበት ቀን በስተቀር የእናንተን አንድም ቀልድ ሰምቼ አላውቅም።»

«ያን ሁሉ ቅዳሜ ሬዲዮ ሥር ተቀምጠህ? አንድም?»

«አንድም።»

አፏን በትራስ ልብሱ ሸፈነች። ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ሲጀምር አለቀሰች ብሎ ደነገጠ፤ የእናቷም ኮቴ ከውስጥ ተሰማ። እሷ ግን እየሳቀች ነበር። ሳቋ እንደ ድሮው አይደለም፤ ከእንባ ጋር ተቀላቅሎ ይቆራረጣል። ማይክሮፎን በሌለበት፣ ማንም በማይሰማበት በረንዳ ላይ፣ ለእሱ ብቻ ነበር።

«የእኔ ጉሮሮዬ ላይ ነው» አለች ሲበርድላት። «አይፈላም። ይደርቃል። ዝንቧን ለከተማው ስትነግር፣ ይሄንን ለእኔ ትራስ ላይ ተጋድሞ ቢነግረኝ ብዬ ጉሮሮዬ ይደርቅ ነበር።» አጠገቧ ያለውን ቅርጫት ወደ ጎን ገፋችው። እሱም ተቀመጠ።

«አሁንም እኮ ሊነሳብኝ ይችላል» አላት። «አልዋሽሽም።»

«ሲነሳብህ ንገረኝ። አብረን እናየዋለን። ብቻ ወደ ጓዳ ይዘኸው አትግባ።»

አንድ ሸሚዝ አንስቶ ማጠፍ ጀመረ፤ አጣጠፉ ስላላማራት ከእጁ ወሰደችው። እሱ ሌላ አነሳ።

«ጥያቄ አለኝ» አለ ዓይኑን ከልብሱ ሳያነሳ። «ጠዋት ስትነቂ መጀመሪያ የምታስቢው ነገር ምንድን ነው?»

«የየትኛው ቀን ጠዋት?»

«የሁሉም። በየቀኑ መጠየቅ እፈልጋለሁ። እዚያው ቆሜ፣ ሳትነሺ። እስክናረጅና ጥያቄውን እስክረሳው ድረስ።»

ዘግየት ብሎ ገባት። ዓይኗን ከፍ አድርጋ አየችው፣ እሱም አያት። ዝምታውን የሰበሩት እናቲቱ ናቸው።

«አንቺ ልጅ፣ መልሺለት እንጂ!» አሉ ከመስኮቱ ጀርባ። «ቆሜ እግሬ ደነዘዘ!»

በዚያው ዓመት ተጋቡ። ዶክተሩ ከሙሽራው ጎን ቆመ፤ ንግግር አድርግ ተብሎ «እንበልና...» ሲል አዳራሹ ቀሪውን ሳይሰማ በሳቅ ፈረሰ። ጎረቤት ከዚያ ወዲህ ሬዲዮ ላይ አልደወለም። አድማጮች ጠየቁ፣ ደብዳቤ ጻፉ፣ ሞቷል ያለም ነበር። ጋዜጠኛዋ «ደህና ነው፤ አሁን በአካል ነው የሚጠይቀው» ብላ መለሰችላቸው።

ቅናቱ ጠፋ ብል ውሸት ይሆናል። ዶክተሩ እሑድ እሑድ ለምሳ ይመጣል፤ የሬዲዮውን ዝግጅትም እዚያው ይወጥናሉ። አንድ እሑድ መነጽር ሠሪው ወጥ ቤት ገብቶ ሳህን ሲያጥብ፣ ከሳሎን የሁለቱ ሳቅ አንድ ላይ ፈነዳ። የብረት ማንኪያው ወደ ሆዱ ሲወርድ ተሰማው። ለጥቂት ጊዜ ቧንቧውን እንደከፈተ ቆመ። ከዚያ እጁን ሳይጠርግ ድምፁን ከፍ አደረገ።

«መጣ!»

ሚስቱ እየሮጠች ገባች። «የቱ ጋ ነው? ቀዝቃዛው ነው ወይስ የፈላው?»

«ቀዝቃዛው። ገና አሁን ወረደ።»

«ምን መጣ? ማን መጣ?» እያለ ዶክተሩ ከኋላዋ ብቅ አለ።

«በአንተ ቀንቶ ነው» አለችው።

«በእኔ!» ዶክተሩ ሸሚዙን ወደ ታች ሳበ፣ ፊቱ በደስታ ፈካ። ወዲያው ግን ሳይንቲስቱ ተነሳበትና እጁን ወደ መነጽር ሠሪው ሆድ ዘረጋ። «እስኪ ልንካው፤ ሙቀቱን በውጭ በኩል—»

«ኧረ አትንካ!» አለ መነጽር ሠሪው ወደ ኋላ እያፈገፈገ። «የግሌ ነው!»

ሦስቱም በሳቅ ፈነዱ፤ እሱ ሳህኑን ቶሎ አስቀመጠው። በዚያ ዓይነት ሳቅ ሳህን ይዞ መቆም አይቻልም።